ቅንነት የጎደለው ስህተት

ሰገነት ዓመታዊ መግለጫውን በሚሰጥበት ቀን ልሳኑ ጢሙን ተላጨ፣ ጥቁር ሸሚዙን ለበሰና ሊወጣ ተነሣ። ባለቤቱ ርብቃ ከላይ እስከ ታች አየችውና «ማን ሞቶ ነው?» አለችው።

«ገና አልታወቀም። ረፋዱ ላይ ይነግሩናል።»

ነሐሴ ነበር፣ ሁለት ሺህ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት። አዳማ ውስጥ በር የሚከፍተው፣ ወጥ የሚያማስለው፣ ሕፃን የሚያስተኛው መተግበሪያ ሁሉ የሚመጣው ሰገነት ከሚባለው መድረክ ነው። ሌሎች መድረኮችም ነበሩ ይባላል፤ አሁን የሉም። ሰው የሚፈልገውን ይናገራል፣ ሰገነት እዚያው ሠርቶ ይሰጠዋል፤ ጉዳዩ ሲያልቅ መተግበሪያውም ያልቃል። ለሠርግ የተሠራ ከሠርጉ ማግስት አይተርፍም። ቧንቧ ከፍቶ ውሃውን ማን ሠራው የሚል እንደሌለ ሁሉ፣ ይህንንም ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በዚህ ሁሉ መካከል «የሰው እጅ» የሚባል አንድ መደርደሪያ ተትቷል። እዚያ የሚቀመጠው ሰው ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር የጻፈው ብቻ ነው። የሚወስዱት ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ «ይሄ በእጅ የተሠራ ነው» ማለት የሚወዱና፣ አንድ ነገር ሲበላሽ ደውለው የሚቆጡት ሰው የሚፈልጉ። የልሳኑ ደንበኞች ሁለተኛዎቹ ናቸው። ሥራውን ለማያውቀው ሰው ሲያስረዳ «ሸማኔ በለኝ፣ የምሠራው ግን አይለበስም» ይላል።

በየማለዳው ሥራ ከመጀመሩ በፊት መዳፉን የሥራ ሰሌዳው በሆነው መስተዋት ላይ ያሳርፋል። ሰገነት ላቡንና የጣቶቹን መንቀጥቀጥ አይቶ ሰው መሆኑን ያረጋግጣል። ከዚያም ሲጽፍ ይከታተለዋል፤ የት እንደቆመ፣ የት እንዳመነታ፣ ስንቴ ጽፎ እንደሰረዘ። አንድ ጠዋት ሳያቋርጥ ብዙ ገጽ ቢጽፍ ሥራው ቆመና «ዛሬ አላመነቱም፤ ደህና ነዎት?» የሚል ጥያቄ መጣለት። ልሳኑ ከዚያ ወዲህ በየመሃሉ ራሱን ያካል። መጀመሪያ ለማስመሰል ነበር፤ ኋላ ግን እውነት ያሳክከው ጀመር።

የገለልተኛ መተግበሪያ ሠሪዎች ማኅበር የሚሰበሰበው ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ ባለ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ማኅበሩ ድሮ አዳራሽ ይከራይ ነበር። አሁን አንድ ጠረጴዛ ይበቃዋል፤ አራተኛው ወንበር ቦርሳ ይቀመጥበታል። ሊቀመንበሯ ትርሲት ናት፣ ጸሐፊው ልሳኑ ነው፣ አባሉ ደግሞ ኦላና ነው።

ትርሲት የሠራችው የገበጣ ጨዋታ ሲሸነፍ ያኮርፋል፤ ካኮረፈ ሁለት ቀን አይጫወትም። መጀመሪያ የመጣው በስህተት ነበር፣ ሰው ሲወድደው ተወችው። የኦላና መተግበሪያ አዳማ ውስጥ ዝናብ መቼ እንደሚዘንብ ይተነብያል። ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ አንድም ቀን አልተሳካለትም፤ የከተማው ሰው ልማዱን ስላወቀ ኦላና «ፀሐይ ነው» ሲል ጃንጥላ ይዞ ይወጣል፣ በዚህም የተነሣ ተጠቃሚው ብዙ ነው። ሰገነት ለኦላና «ፍጹም ሰብዓዊ» የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል። ኦላና ይህ ስድብ ሊሆን እንደሚችል እስካሁን አልጠረጠረም።

መግለጫውን የምታቀርበው ሴት ለየሰው በየሰፈሩ አነጋገር ነው የምትናገረው፤ ለእነሱ ያን ረፋድ ሻይ ቤት ውስጥ በስልካቸው የአዳማ ልጅ መስላ መጣች። «ውድ የእጅ ሠሪዎቻችን» አለች። «በቅርቡ በማሽን የተሠሩ መተግበሪያዎች ተደብቀው ወደ መደርደሪያችሁ እየገቡ መሆናቸውን ደርሰንበታል። የእናንተን ክብር ለመጠበቅ ስንል ከጳጉሜ አንድ ጀምሮ ‹የሰው እጅ› ላይ የሚቀመጥ ሥራ ሁሉ ቢያንስ አንድ ሕያው ስህተት ሊኖረው ይገባል። ስህተት የሌለበት ሥራ ወደ አጠቃላዩ መደርደሪያ ይዛወራል።»

ሦስቱም ለጥቂት ጊዜ ሻያቸውን አማሰሉ።

«ዕድሜ ልካችንን ስህተት አጥፉ ሲሉን ኖሩ» አለች ትርሲት። «አጥፍተን ስንጨርስ የት አደረሳችሁት አሉን።»

«እኔ አስቀድሞ ገብቶኝ ነበር» አለ ኦላና።

«ምኑ ነው የገባህ?»

«መቸኮል እንደማያስፈልግ።»

የልሳኑ መተግበሪያ «ደወል» ይባላል። ሥራው አንድ ነው፤ ሽማግሌዎችና ሕሙማን መድኃኒታቸውን የሚወስዱበት ሰዓት ሲደርስ በስማቸው ጠርቶ «የዛሬዋን ነጯን ኪኒን ይዋጡ» ይላል። ልሳኑ ሌላ ነገር ሠርቶ አያውቅም። በወጣትነቱ ጀመረው፣ ፀጉሩ ሲሸብትም እሱኑ ያሻሽላል። ደወል ስህተት ያጣው ልሳኑ ጎበዝ ሆኖ አይደለም። አንድ ድስት ይዞ ሃያ ስድስት ዓመት የፈተገ ሰው፣ ቢፈልግም ባይፈልግም፣ ድስቱ ውስጥ ፊቱን ማየቱ አይቀርም።

«አይዞህ» አለው ኦላና ትከሻውን መታ አድርጎ። «ስህተት እንደሆነ አስተምርሃለሁ።»

ልሳኑ በማግስቱ ጀመረ። መጀመሪያ «መድኃኒት» የሚለውን «መዳኒት» ብሎ ጽፎ ላከ። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ስህተትዎ ደርሶናል። ቅንነት ይጎድለዋል።»

ማጥፊያውን ማብሪያ ቦታ፣ ማብሪያውን ማጥፊያ ቦታ አደረገ። «ስህተቱ ታስቦበታል። እባክዎ ሳያስቡበት ይሞክሩ።»

ሳያስብበት ሞከረ። ትርሲት ቁርስ ሳይበላ እንዲጽፍ መከረችው፤ ሲርበው ራሱን ስለማያምን እያንዳንዱን መስመር ሁለት ሁለት ጊዜ አየው፣ ሥራው ከበፊቱም ጠራ። ኦላና ደግሞ «ተናድደህ ጻፍ፣ እኔ ጥሩ ጥሩውን የሠራሁት ተናድጄ ነው» አለው። ልሳኑ ርብቃ ከሥራ እስክትመለስ ጠበቀ። ርብቃ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ውስጥ ተርባይን ጠባቂ ናት። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ወንድሟ ያገባ ጊዜ እሱን በሩ አጠገብ ባለ ወንበር ላይ እንዳስቀመጡት አነሣባት።

«ያኔ ከበሩ ልቀመጥ ያልከው አንተ ነህ። ይሞቀኛል ብለህ» አለችው።

«ቢሆንም።»

«ልሳኑ፣ ስትጣላ ምክንያት ይዘህ ና። ደክሞኛል።»

ስቆ ወደ ሥራው ተመለሰ። የሰገነት መልስ «ንዴትዎ አልተገኘም» የሚል ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ተስፋ ቆረጠ። እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ማጽዳት ያዘ፤ የቀን መቁጠሪያውን ክፍል ከፍቶ የተዝረከረከውን እየሰበሰበ፣ ረጅሙን እያሳጠረ ጻፈው። ርብቃ አጠገቡ ተቀምጣ ዘመን መለወጫን ላንጋኖ ስለሚያሳልፉበት ነገር ታወራለች። የት እንደሚያርፉ፣ እህቷን ይዘው ይሂዱ ወይስ ይተዉአት፣ ዓሣው እንደ ድሮው አለ ወይ። ልሳኑ እየጻፈ ይመልስላታል። እህቷ ትቅር ሲል የቀን መቁጠሪያው አለቀ። አስተካክሎ ላከውና ተኛ።

ጠዋት መዳፉን መስተዋቱ ላይ ሲያሳርፍ ዜማ ተሰማ። «እንኳን ደስ ያለዎት። በሥራዎ ውስጥ አንድ ሕያው ስህተት ተገኝቷል። ያልታሰበ፣ ንጹሕና ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው። አዲሱ ደወል ለተጠቃሚዎችዎ ሁሉ ደርሷል።»

ሻይ ቤቱ ድረስ በእግሩ ሄደ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደረቱን ነፍቶ ተራምዶ አያውቅም። ኦላና ወሬውን ሲሰማ ተነሥቶ አቀፈው። ልጅ የተወለደለት ይመስል ሦስት ብርጭቆ ሻይና ሦስት ቦምቦሊኖ ታዘዘ። ሲበሉ ሲስቁ ቆይተው ትርሲት አፏን ጠራርጋ ጠየቀች።

«ለመሆኑ ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?»

ልሳኑ ቦምቦሊኖውን አስቀመጠ።

«አላውቅም» አለ።

«መድኃኒት የሚያስውጥ መተግበሪያ ውስጥ ስህተት አለ፣ የት እንዳለ ግን አታውቅም?»

ኦላና ማኘኩን አቆመ።

ልሳኑ እዚያው ሆኖ ሰገነትን ጠየቀ። «ስህተቱን ብንጠቁምዎ ሕያውነቱን ያጣል። ስለ ትጋትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣ። የቀደመውን ደወል ልመልስ ቢል፣ ስህተት የሌለበት ሥራ መደርደሪያው ላይ መቀመጥ እንደማይችል በትሕትና አስታወሱት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ልሳኑን አከሱት። ሦስቱ ሥራውን ተካፍለው መስመር በመስመር አነበቡ። ኦላና ከደረሰው ክፍል ውስጥ ብዙ ስህተት አገኘ፤ ሲጣራ ሁሉም ትክክል ሆኖ ተገኘ። ልሳኑ ለተጠቃሚዎቹ በየተራ ይደውላል። በጣም የሚፈራው ለአንድ ሰው ነበር፤ አሰላ ለሚኖሩት ለአቶ ገብረየስ። አቶ ገብረየስ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው። ምልክት ሳይበራ መንቀሳቀስ በሕይወታቸው አያውቁም፤ ኪኒናቸውንም ደወል ካልጠራቸው በቀር አይነኩም። ሐኪሙ ደግሞ የልባቸው ኪኒን አንድ ቀን እንኳ እንዳትዘለል አስጠንቅቋል። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ስንዱ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናት።

«ጋሼ ልሳኑ፣ ዛሬም በሰዓቱ ጠርቷቸዋል» ትለዋለች ስንዱ። «ትናንትም ጠይቀውኛል። ምን ሆነው ነው?»

«እንዲያው ለሰላምታ ነው።»

«አባባ ደግሞ ያ ሰውዬ ሥራ ፈታ እንዴ ይላሉ።»

ጳጉሜ ገባ። ጳጉሜ ሦስት ከሰዓት በኋላ ርብቃ ልብስ እያጣጠፈች «ላንጋኖ አንድ ቀን ዘግይተን ነው የምንሄደው» አለች። «የዋዜማው ዕለት ተረኛ አድርገውኛል።»

«አምስት ላይ?»

«ስድስት ላይ። ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ናት እኮ።»

ልሳኑ የያዘውን ካልሲ እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ሄዶ የቀን መቁጠሪያውን ከፈተ። ብዙ መፈለግ አላስፈለገውም። እዚህ አገር ተወልዶ፣ እዚህ አርጅቶ፣ በየአራት ዓመቱ የምትመጣውን ቀን ከልጅነቱ ጀምሮ እያወቃት፣ ከርብቃ ጋር እያወራ በጻፈበት ምሽት ከጳጉሜ አምስት ተነሥቶ በቀጥታ ላንጋኖ ገብቷል። ለደወል ጳጉሜ ስድስት የምትባል ቀን የለችም። ቀኗ ስትመጣ፣ ከንጋት እስከ ማታ፣ ለማንም ቃል አይተነፍስም።

«ምነው?» አለችው ርብቃ።

«አገኘሁት» አለ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር።

በማግስቱ ነገሩን ለማኅበሩ አቀረበ። ኦላና ሰምቶ ሲጨርስ ዓይኑ በራ። እንደ ባለሙያ አደነቀው።

«እንዲህ ያለ ስህተት አይቼ አላውቅም። በአራት ዓመት አንድ ቀን ብቻ። ሌላውን ጊዜ አይታይም፣ ማንንም አይነካም። እኔ እኮ በየቀኑ ነው የምሳሳተው» አለ። «እንዳትነካው። ከነገ ወዲያ ቁጭ ብለህ ለሁሉም በስልክ ትነግራቸዋለህ፣ ኪኒናቸውን ይውጣሉ፣ ቀኗ ታልፋለች። እስከሚቀጥለው ጳጉሜ ስድስት ድረስ መደርደሪያህን ይዘህ ትኖራለህ።»

እውነቱን ነበር። ልሳኑም ሌሊቱን አስቦት ያደረው ይህንኑ ነው። መደርደሪያውን ከለቀቀ መዳፉን የሚያሳርፍበት መስተዋት ይዘጋል፣ ስሙ ከሥራው ላይ ይነሣል፣ ማኅበሩም በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ጸሐፊ አይኖረውም። በዚህ ዕድሜው ሌላ ምን እንደሚሠራ አያውቅም። የሚችለው ነገር ቢኖር ራስ ማከክ ነው።

«የዛሬ አራት ዓመትስ?» አለች ትርሲት።

«ያኔም ይደውላል።»

«የዛሬ ስምንት ዓመት?»

ልሳኑ ያን ቀን አሰበው። እሱ የለም ወይም ስልክ መያዝ የማይችል ሆኗል፤ አንድ የማያውቀው ሽማግሌ አንድ የማያውቀው ቤት ውስጥ ጥሪ እየጠበቀ ተቀምጧል። ለምን እንዳልተጠራ አይገባውም። ምናልባት ያ ሽማግሌ ራሱ ልሳኑ ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ ቅጣቱ ተገቢ ነው። ግን ሌላ ሰው ቢሆንስ?

«የሠራሁት አንድ ነገር ነው» አለ በመጨረሻ። «እሱንም አበላሽቼ ልተወው?»

ትርሲት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና እጁን ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። ኦላና «እኔ እኮ ለአንተው ብዬ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ፣ ኦላና።»

እርማቱ ሁለት መስመር ነበር። ልሳኑ ሳያመነታ ጻፈው፤ ራሱንም አላከከም። ሲልከው ሰገነት ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ለመስጠት ዘገየ። ከዚያ ጽሑፍ መጣ፦ «በዚህ ሥራ ውስጥ ሕያው ስህተት አልተገኘም። ወደ አጠቃላዩ መደርደሪያ ተዛውሮ አሁኑኑ ለተጠቃሚዎች እንዲደርስ ከፈለጉ ከታች ያለውን ያረጋግጡ።» ከታች የተጻፈው «ይህን ሥራ ሰው እንዳልሠራው አረጋግጣለሁ» የሚል ነው።

ርብቃ ከኋላው ቆማ አነበበችው።

«ይሄን ማረጋገጥ ትችላለህ?» አለችው።

«እኔ የምጽፈውን የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ ያየ፣ ሰው አልጻፈውም ብሎ ይመሰክርልኛል» አለና ነካው።

መስተዋቱ ጠቆረ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ሰው መሆኑን ሲጠይቀው የኖረው ነገር፣ ያን ዕለት ምንም አልጠየቀውም።

ጳጉሜ ስድስት ርብቃ ማለዳ ወደ ተርባይኗ ሄደች። ልሳኑ የሚሠራው ስለሌለው ቁርሱን ሁለት ጊዜ በላ። በስልኩ ደወልን ፈለገና አገኘው። የእሱ ስም ይጻፍበት በነበረው ቦታ ሰገነት አዲስ መግለጫ ጽፎለታል፦ «ትክክለኛ፣ አስተማማኝ፣ የሰው እጅ ያልነካው።» ልሳኑ አነበበው፣ ደግሞ አነበበው፣ ከዚያ ብቻውን ሳቀ፤ ጎረቤት ይሰማል ብሎ አፉን እስኪይዝ ድረስ ሳቀ። በሥራ ዘመኑ ሁሉ እንዲህ ያለ ምስጋና ተጽፎለት አያውቅም።

ረፋዱ ላይ ስልኩ ጠራ። ስንዱ ነበረች።

«ጋሼ ልሳኑ፣ ይቅርታ፣ ልረብሽዎት ነው። ለበዓል ዋዜማ ፈቃድ ወስጄ ቤት ነኝ፤ የአባባ መተግበሪያ ተለውጦ አገኘሁት። የእርስዎ ስም የለበትም። ማሽን የሠራው ነው ይላል።»

«ዛሬ ጠርቷቸዋል?»

«ጠርቷቸዋል። በሰዓቱ።»

«ኪኒኗንስ ዋጡ?»

«ውጠዋል። አሁን በረንዳ ላይ ናቸው፣ ጎረቤቱን ስለ ዛፉ እየተቆጡ ነው።»

ልሳኑ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቆሞ እንደነበር አላስተዋለም።

«እንግዲህ አታጥፉት» አላት።

«ፈራሁ እኮ። የእርስዎ ሲሆን ቢበላሽ እደውላለሁ፣ ይቆጡናል፣ እንቆጣዎታለን፣ ይስተካከላል። ይሄ ቢሳሳት ማንን ነው የምጠይቀው?»

«እኔን ጠይቂኝ።»

«እርስዎን ምን አገባዎት? የእርስዎ አይደለም።»

ልሳኑ ሊመልስ አፉን ከፈተና ያረጋገጠው ነገር ትዝ አለው። ሰገነት በየስልኩ ላይ የሚነገረውን እንደሚሰማ ሁሉም ያውቃል። ራሱን አከከ።

«የእኔ አይደለም» አለ። «የሠራውን ግን አውቀዋለሁ።»

«ማሽኑን?»

«አዎ። ማሽኑን።»

«ምን ዓይነት ነው ታዲያ? ይታመናል?»

«ቀርፋፋ ነው» አላት ልሳኑ። «ብዙም ብልህ አይደለም። ሲሳሳት ግን እንቅልፍ አይወስደውም።»